ከለቅሶ ቤት ሌላ የማያውቅ አግዳሚ

ዳንግላ ውስጥ የምኖርባት ክፍል ርዝመቷ አራት ሜትር፣ ወርዷ ሦስት ነው። ይህን የለካሁት ስከራያት አይደለም። የዳንግላን ክረምት የሚያውቅ ሰው ቤት ሲከራይ ሽቅብ ቆርቆሮውን ነው የሚያየው፤ ወለሉን ማን ያያል? የለካኋት ስድስት ዓመት ከኖርሁባት በኋላ፣ «እንቁጣጣሽን እኔ ቤት ነን» ብዬ ለአሥራ ሁለት ሰው ቃል የሰጠሁ ዕለት ነው። ሜትሩን ሁለት ጊዜ ዘረጋሁት። ሁለቱንም ጊዜ ያው ሆነ።

ከዚህ ላይ አልጋው ይቀነስ፣ ቁም ሳጥኑ ይቀነስ። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ሲከፈት የአልጋው እግር ይይዘዋል። ሁለት እንግዳ ከመጣ አንደኛው አልጋው ላይ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፤ እግሩን የት እንደሚያደርገው የራሱ ጉዳይ ነው። ሦስተኛ ሰው ከጨመረ ደግሞ የውስጠኛው ሰው ሽንት ቤት ልሂድ ባለ ቁጥር ሁሉም ተነሥቶ ደጅ መውጣት አለበት። ለዚህ ነው ሰው ቤቴ ጠርቼ የማላውቀው። ቢያንስ ለሰው እንደዚያ ነበር የምለው።

እውነቱን ለመናገር ስድስት ዓመት ሙሉ በዓልን የሰው ቤት ስበላ ኖሬያለሁ። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፣ አላገባሁም፣ ወላጆቼ ሩቅ ናቸው። እንዲህ ያለች ሴት ዓመት በዓልን ብቻዋን ልትውል ነው ሲባል የማያዝን ሰው የለም፤ እኔም ሐዘናቸውን አላባከንሁም። ገናን አንዱ ጋ፣ ጥምቀትን ሌላው ጋ፣ ፋሲካን ሁለትና ሦስት ቤት። የትምህርት ቤታችን የሒሳብ አስተማሪ በዓል ሲቃረብ «የት ልትውይ ነው?» ብሎ አይጠይቀኝም። «ዘንድሮ ተረኛው ማነው?» ነው የሚለው። መምህራኑ ይሥቃሉ። እኔም አብሬ እሥቃለሁ፤ ሲበላ የኖረ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?

ግን የደገስሁት በእሱ ሽሙጥ ተናድጄ አይደለም። የደገስሁት ለአንዲት ሴት ነው።

ጓደኛዬ የአዲስ ቅዳም ልጅ ናት፤ አሁንም እዚያው ታስተምራለች። ኮሌጅ ሳለን አንድ ክፍል ተከራይተን አንድ አልጋ ላይ ሦስት ዓመት ተኝተናል። እናቷ በየወሩ ከገጠር ድንች በጆንያ፣ ቅቤ፣ በሶ፣ አንዳንዴም የታሰረች ዶሮ ይልኩልን ነበር። ሲልኩ «ለሁለቱ ልጆቼ» ብለው ነው። አማርኛቸው ብዙ ስላልነበር እኔን ሲያገኙኝ በአገውኛ ነበር የሚያወሩኝ፤ እኔም ከሳቸው አፍ ነው የለመድሁት። የላኩትን ሳላጋንን ግማሹን በልቻለሁ፤ ከድንቹ ግን ግማሹን አልፌ ሄጃለሁ። ታዲያ እኒህ ሴት በሐምሌ ወር ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስሁም።

«መኪና ጠፋ» ነው ያልሁት። ይህን ነገር ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ስናገረው እያማረበት ሄደ። ዝናቡን ጨመርሁበት፣ ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ መቀርቀሩን ጨመርሁበት፣ በመጨረሻ እኔም አመንሁት። የሆነው ግን ይህ ነው፤ መናኸሪያ ሄጄ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምሁ። ዘነበ። ጫማዬ ውኃ አስገባ። አንድ ሚኒባስ መጣ፣ ሰው ተጋፋ፣ እኔ መጋፋቱ ደከመኝ። ነገ በጠዋት እሄዳለሁ ብዬ ቤቴ ገብቼ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተኛሁ። በማግስቱ ሌላ ሰበብ ነበረኝ። በሦስተኛው ቀን «አሁንማ በምን ፊቴ» ማለት ጀመርሁ። በመሐሉ ምንም አላደረግሁም አይባልም፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብዬ በስልኬ መልእክት ልኬላታለሁ። ከዳንግላ አዲስ ቅዳም ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሣም። ሰው ስልክ አላነሣም ብሎ መቅረት እንዴት ያለ ምቹ ነገር እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው፤ በየሁለት ወሩ አንዴ እደውላለሁ፣ አታነሣም፣ እኔም «ይኸው ሞክሬያለሁ» ብዬ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። ዘመን መለወጫ ሲቀርብ ግን ሆዴ አላስችል አለኝ። በእንቁጣጣሽ ሰው ይታረቃል፤ ይህን ቀን ካሳለፍሁት ደግሞ ሌላ ዓመት ሊሄድ ነው። እሷን ብቻ ጠርቼ ይቅርታ ከመጠየቅ አሥራ ሁለት ሰው ጠርቼ ማብላቱ ቀለለኝ። በሰው መሐል ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ሣቅ ይሆናል፣ ነገሩ በዚያው ይረሳል። ሐሳቤ ይህ ነበር።

ጥሪውን የላክሁት በሒሳብ አስተማሪው ነው፤ የሚስቱ ወላጆች አዲስ ቅዳም ስለሆኑ በየሳምንቱ ይሄዳል። መልሱን ይዞልኝ መጣ።

«መኪና ካገኘሁ እመጣለሁ በላት አለች።»

 «እንዴት አድርጋ ነው ያለችው? ሥቃ ነው?»

«ምን ልዩነት አለው? ካገኘች ትመጣለች፣ ካላገኘች አትመጣም» አለኝ። ሒሳብ ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

ቤቱ አሥራ ሁለት ሰው እንደማይችል ካወቅሁ በኋላ ዓይኔን ግቢው ላይ ጣልሁ። ግቢው የአከራዬ ነው። እማማ ባለቤታቸው ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል፤ ግቢው ውስጥ ያለነው እሳቸው በትልቁ ቤት፣ እኔ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ነን። ለሳቸው ያልተነገረ ነገር በግቢያቸው አይደረግም።

«እማማ፣ ለእንቁጣጣሽ ጥቂት ጓደኞቼን ደጁ ላይ ባስቀምጣቸው ምን ይመስልዎታል?»

«ስንት ናቸው?»

«ስድስት ያህል።»

«ስድስት ካልሽ አሥራ ሁለት ናቸው» አሉ። «ይምጡ። ጠላውን እኔ እጠምቃለሁ። ዝናቡንስ ምን ልታደርጊው ነው?»

ዝናቡን ምን እንደማደርገው ነው እንቅልፍ ያሳጣኝ። መስከረም አንድ ቀን ዳንግላ ላይ ክረምቱ ወጥቷል የሚለው የቀን መቁጠሪያው ብቻ ነው። ድንኳንና ወንበር የሚያከራየው ሰውዬ ዘንድ ብሄድ ሱቁ ተቆልፏል፤ ለበዓል ገጠር ዘመዶቹ ዘንድ ገብቷል፣ ቁልፉንም ይዞት ሄዷል። እንግዲህ ከተማው ውስጥ ድንኳንና አግዳሚ ያለው አንድ ቤት ብቻ ቀረ። የሰፈራችን ዕድር ዕቃ ቤት ነው።

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይወርድ፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ይህ ነው፤ አግዳሚዎቹን እንደ ልጆቻቸው ያውቋቸዋል። ስነግራቸው ያላመኑ መሰሉ።

«ለምን?»

«ለግብዣ ነው፣ ጋሼ። ለዓመት በዓል።»

«ይህ አግዳሚ ከለቅሶ ቤት ሌላ ገብቶ አያውቅም» አሉኝ። «ለሠርግ ተለምነን አልሰጠንም። የዕድሩ ዳኛ ልጁን ሲድር ጠይቆ አልሰጠሁትም።»

«ታዲያ ዛሬ ይግባና የደስታ ቤት ምን እንደሚመስል ይየው!»

አልሣቁም። ከዚያ በኋላ ያልሁትን ሁሉ ብጽፈው አፍራለሁ። አባል መሆኔን ተናገርሁ፤ እስካሁን ዘመድ ሞቶብኝ ዕድሩን አስቸግሬ እንደማላውቅ ተናገርሁ፣ ይህን እንደ ውለታ ቆጥሬ። በመጨረሻ የማረካቸው ዶሮ ወጥ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የሰው ዶሮ እንዳልቀመሱ ሰምቼ ነበርና «ከሰዓት በኋላ አግዳሚዎቹን ሊያስጭኑ ሲመጡ እኔ ቤት ይበላሉ» አልኋቸው። ኮፍያቸውን ነካ አደረጉ። «ድምፅ ሳታሰሚ በማለዳ አስጭኚው፣ ዘጠኝ ሰዓት እመልሳለሁ» አሉ።

በማለዳ በጋሪ አስጫንሁት። እማማ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር፤ ባይሄዱማ ያ ጋሪ በራችንን አያልፍም። ስምንት አግዳሚ፣ ጥቁር ሰማያዊ ድንኳን፣ የዕድሩ ስም በቀይ ቀለም የተጻፈባቸው ብረት ድስቶች። ድምፅ ሳታሰሚ የተባለው ነገር አልሆነም፤ የዳንግላ ጋሪ በኮብልስቶን ላይ ብረት ድስት ጭኖ ሲሄድ ድምፅ እንዴት አይሰማ?

ለሁሉም ያሰማው ጡሩምባ ነፊው ነው። የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ሰው ሲሞት በየሰፈሩ እየዞረ የሚያውጅ ትጉህ ሰው ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ግን አንድ ለቅሶ ላይ አርፍዶ ነፋና፣ ግማሹ አባል ለቀብሩ ሳይደርስ ቀረ። በስብሰባ ፊት ተገሥጿል። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም እስኪነግረኝ አልጠብቅም ብሎ ምሎ ነበር አሉ። ያን ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጋሪው ወደ እኛ ግቢ ሲታጠፍ አየ። አግዳሚ ወጥቷል፤ እንግዲህ ሰው ሞቷል። እማማን አሁን ቅዳሴ ላይ ትቷቸው መምጣቱ ነው። ግቢው ውስጥ ከሳቸው ሌላ ያለሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ የሞትሁት እኔ ነኝ። በዚህ አካሄድ የሒሳብ አስተማሪውም ስሕተት አያገኝበትም።

እኔና የሒሳብ አስተማሪው ድንኳኑን ስንተክል ጡሩምባው ከሩቅ ተሰማን። ቃሉ አይለይም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣው።

«ወይ ጉድ፣ በዚህ ቀን ማን ይሆን?» አለ ገመዱን እየሳበ።

«ምስኪን» አልሁ እኔ። «በቃ እንግዶቹ ሲሄዱ ማምሻውን ደረስ እንላለን። ካልተመቸንም ነገ።»

ይህን ያልሁት እኔ ነኝ። ለገዛ ለቅሶዬም ነገ ነበር ያልሁት።

እንግዶቼን የጠራሁት ለስድስት ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ላይ ግን ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገብተው የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የእማማ ዘመዶች ናቸው ብዬ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልሁ። እማማ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ድንኳኑን አይተው ደርቀው ቆሙ፤ ግን ሰው ፊት መቆጣት ነውር ነውና፣ ሴቶቹም የኔ እንግዶች መስለዋቸው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ሰላም አሉ። ሁለታችንም የሌላዋ እንግዶች ናቸው ብለን እየተከባበርን ድንኳኑ ሞላ። አንዷ ትልቅ ድስት ንፍሮ ይዛ መጣች። ለእንቁጣጣሽ ንፍሮ! ድህነት ነው ብዬ አዘንሁላትና ከሁሉ በላይ እሷን አመሰገንሁ።

የሚገርመው ማንም አያወራም። ዳቦ ቆርሼ ሳዞር አንገታቸውን እየነቀነቁ ይመልሳሉ። ማስተናገድ ስለማላውቅ ነው ብዬ ደነገጥሁና አንድ በአንድ «በሞቴ ቅመሱ! እኔ ልሙት!» እያልሁ ማጉረስ ጀመርሁ። እነሱም ይበልጥ አቀረቀሩ። የሳይንስ አስተማሪዋ ባልደረባዬ፣ ጴንጤ ናት፣ ጠላ ስለማትጠጣ ሁለት ሳጥን ለስላሳ በባጃጅ ጭና መጥታ ነበር፤ ከበሩ ላይ ድንኳኑን አይታ ሳጥኖቹን መልሳ አስጫነች። አበባ ይዘው በየቤቱ የሚዘፍኑ ልጃገረዶችም በሩ ላይ ደርሰው፣ ድንኳኑን አይተው፣ ተያይተው ሳይዘፍኑ ተመለሱ። አንዷ ብቻ አበባዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደች።

በመጨረሻ አንድ አዛውንት ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ልጄ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

«የማን ቀብር?»

«የመምህርቷ ነዋ።»

«የትኛዋ መምህርት?»

«እዚህ ጓሮ ተከራይታ የምትኖረዋ። ምን ሆና ነው፣ ድንገተኛ ነው?»

ሽንኩርት የሸተተ ሽርጤን አስተካከልሁና «እኔ ነኝ» አልሁ።

አዛውንቱ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ደስ ያላቸው አልመሰሉኝም። ከሩቅ ሰፈር በእግራቸው መጥተዋል፣ በዓላቸውን ጥለዋል፣ እንግዲህ ምን ይበሉ? «እንኳን ደኅና ሆንሽ» አሉኝ ቅር እያላቸው። ወሬው ከአግዳሚ አግዳሚ ዞረ። መጀመሪያ እልል ያለች አንዲት ሴት ነበረች፤ ቀጥሎ ሣቅ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል። አንድም ሰው አልሄደም። ለሟች ሲሆን አንገታቸውን ነቅንቀው የመለሱትን ዳቦ መልሰው አስጠሩት። ለአሥራ ሁለት ሰው ያዘጋጀኋቸው ሁለት ዶሮዎች የተጠሩት ሳይመጡ አለቁ። የተረፈው ንፍሮው ነው።

እማማ እጄን ይዘው ወደ ማድ ቤት ጎተቱኝ።

«አንች ልጅ፣ የዕድር ድንኳን? በዓመቱ መባቻ ለቅሶ ግቢዬ ትጠሪ?»

«እማማ፣ ለዝናቡ ብዬ ነው።»

«ንፍሮ ገብቷል እኮ! ንፍሮ! ይህ ድንኳን አሁኑኑ ካልወረደ ከነዕቃሽ ትወጫለሽ።»

«አንድ ሰው እየጠበቅሁ ነው፣ ትንሽ ይታገሡኝ፣ እባክዎ።»

«ማንን?»

ነገርኋቸው። የጓደኛዬን ኩርፊያ ያውቃሉ፤ ምክንያቱን ግን እኔ ባሳመርሁት መንገድ ነበር የሚያውቁት። «መኪና ካገኘች ትመጣለች» አልኋቸው።  ያን ጊዜ የሒሳብ አስተማሪው ስልኩን ይዞ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ፊቱ ላይ ሽሙጥ አልነበረም።

«የሚስቴ እናት ከአዲስ ቅዳም ደውለው ነበር» አለ። «መሞትሽን ሰምተዋል። ለጓደኛሽም ነግረዋታል።»

«ታዲያ አልሞተችም አትላቸውም ነበር?»

«ልላቸው ስል ተቋረጠ። ኔትወርክ የለም።»

ሁላችንም ስልካችንን አወጣን። ግቢውን ዞርን፣ ደጅ ወጣን፣ የሳይንስ አስተማሪዋም ሰምታ ተመልሳ ነበርና አግዳሚ ላይ ቆማ ሞከረች። ሞቴን አዲስ ቅዳም ለማድረስ ሞልቶ የተረፈው ኔትወርክ አለመሞቴን ልንልክበት ስንል ጠፋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ስልኬን ሽቅብ ይዤ ስዞር መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «አሁን ትመጣለች» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እስቲ ታልቅስ» የሚል ነው። ዓመት ከሁለት ወር ስልኬን ሳታነሣ ኖራለች፣ እስቲ ትንሽ ታልቅስ። የበደልሁት እኔ መሆኔን ረስቼው አይደለም፤ የበደለ ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ ያምረዋል።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ዝናቡ ጀመረ። እማማ ድንኳኑ ይውረድ ማለቱን ተዉት፤ ከሥሩ ሠላሳ ሰው ተጠልሏል። ዝናቡ ላይ ደርቦ አንድ መኪና ከመንገዱ ጫፍ ሲቆም ሰማን። ቀጥሎ የሴት ጩኸት ተሰማ። ድምፁን ለየሁት።

ወጥቼ መሮጥ ነበረብኝ። ማንኛዋም ሴት ወጥታ ትሮጣለች። እኔ ግን ማድ ቤቱ ውስጥ ከበሩ ኋላ ቆምሁ።

በአገውኛ እያለቀሰች ነው የገባችው፤ መሐል መሐል ላይ በአማርኛ ታነሣኛለች። «እህቴ! የአልጋዬ ተጋሪ! የእናቴ ልጅ!» ትላለች። «ሳልታረቅሽ! ስልክሽን ሳላነሣ! ዛሬ ጠርተሽኝ መኪና ካገኘሁ ብዬ የቀለድሁብሽ! ይቅር በይኝ!» ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ዳቦውን በአፉ እንደያዘ ወደ በሩ ዞረ። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ እሰማለሁ። ደግነቴን ትናገራለች፤ ኮሌጅ ሳለን ስትታመም እንዳስታመምኋት፣ ወንዝ ወርጄ ልብሷን እንዳጠብሁላት። ረስቼው ነበር። ስለኔ እንዲህ ያለ ነገር ተነግሮ ስለማያውቅ ትንሽ ልስማ አልሁ። ትንሽ ደግሞ ልስማ አልሁ። «ይቅር በይኝ» ስትል ሦስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ፤ አንዱም የሷ ዕዳ አልነበረም።

እማማ ናቸው ክንዴን ይዘው የጎተቱኝ። «ውጭ፣ አንች ክፉ!» አሉኝ። ጭልፋ እንደያዝሁ ወጣሁ።

ነጭ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳለች፤ የእናቷ ሐዘን ከልብሷ አልወጣም ነበርና ለበዓሉ ያን ቀን ገና ነጭ መልበሷ ነው። ነጭነቱ ግን ትከሻዋ ላይ ብቻ ነው የቀረው። ከዚያ በታች እስከ እግሯ ጥቁር ነው። እጇ ጥቁር ነው፣ እንባዋን የጠረገችበት ፊቷ ጥቁር ነው፣ ዝናቡ ደግሞ ያን ጥቁር እያወረደ ጫማዋ ላይ ያንጠባጥበዋል። የአንድ እግሯ ጫማ የለም።

ስታየኝ ቀስ ብላ ወደ ኋላዋ ሄደችና አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

«አልሞትሽም?» አለች።

«አልሞትሁም።»

ሰው ሣቀ። ያቺ እልል ባይ ሴት እንደገና እልል አለች። የሷ ፊት ግን አልሣቀም፤ እኔን ነበር የምታየኝ። አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ በልቤ ሳሰናዳው የኖርሁት የይቅርታ ቃል ነበረኝ። ከአፌ የወጣው ግን የለመደበት ነው። የሰው ሣቅ ልቤን አሙቆት ኖሮ ጨዋታ ቢጤ ልጫወት ፈልጌ «እንዴ፣ መኪና አገኘሽ?» አልኋት።

ቀሚሷን ዝቅ ብላ አየችው።

«አጣሁ» አለች። «በበዓል ቀን ማን መኪና ያወጣል? ከሰል የጫነ አይሱዙ ለምኜ፣ ከሰሉ ላይ ተቀምጬ መጣሁ።»

  ሣቁ ቆመ፤ እንግዶቹ ነገሩን ባያውቁትም አንድ ነገር እንደሆነ ገባቸው። የሒሳብ አስተማሪው ገብቶታል፣ መሬት መሬት ያያል።

በጣሳ ውኃ አምጥቼ እግሯ ሥር ተቀመጥሁ። እግሯን አጠብሁ፤ ውኃው ጠቆረ፤ ሌላ አመጣሁ፣ እሱም ጠቆረ። እጇን ሳጥብ እናቷ ትዝ አሉኝ። እጃቸው እንዲሁ ጥቁር ነበር፤ ድንች ሲነቅሉ ውለው ሳይታጠቡ ጆንያውን ራሳቸው ተሸክመው መናኸሪያ ያደርሱልን ነበር። እኔ ሳልደርስበት የቀረሁት የአዲስ ቅዳም መናኸሪያ። ዝናብ ነው ብለው የቀሩበት ቀን የለም።

ለቅሶው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ጣሳውን ጥዬ ጉልበቷ ላይ ወደቅሁና የሳቸውን ስም እየጠራሁ፣ እሳቸው ባስተማሩኝ ቋንቋ ጮኽሁ። መኪና አልጠፋም ነበር አልኋት። ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገርሁት፤ ሚኒባሱ መምጣቱን፣ መጋፋቱ ደክሞኝ መመለሴን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሁሉንም። እሷ ደግሞ ያን የጠቆረ እጇን አንገቴ ላይ ጣለችና አብራኝ አለቀሰች። እማማ መጀመሪያ አለቀሱ፤ ከዚያ የቀሩት ሴቶች ነጠላቸውን መልሰው አዘቀዘቁ። አዛውንቱም ደስታ ይሁን ለቅሶ ሳይገባቸው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ንፍሮው ያን ጊዜ ነው የዞረው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ዶሮ ወጥ ሊበሉ፣ አግዳሚያቸውንም ሊያስጭኑ መጡ። ከበሩ ላይ ቆመው ሠላሳ ሰው ሲያለቅስ አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። በሰው መሐል አልፈው ወደ እኔ ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግብዣ ነው አላልሽኝም? ማን ሞተ?» አሉኝ።

«እናቷ» አልሁ።

«መቼ?»

«ዓመት ከሁለት ወር ሆናቸው።»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። አግዳሚውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና ከጎናችን ተቀመጡ።